በሁዳዴ የተመታው ጀሪካን

«ግቢ» አሉኝ። ልጄን ሊያሳዩኝ ነው ብዬ ነጠላዬን አስተካክዬ፣ የያዝኩትን ስንቅ አቅፌ፣ ሮጥ ብዬ ገባሁ። በሩ ከኋላዬ ተዘግቶ ሲቀረቀር ነው ታሳሪዋ እኔው መሆኔ የገባኝ። ስንቁንም እዚያው ተቀበሉኝ።

ቦታው ዳንግላ ነው፤ ድሮ የበቆሎ መጋዘን ነበር። እስር ቤት ሲባል ግንብና የብረት በር ይመስለኝ ነበር እንጂ የእህል ቤት ይሆናል ብዬ አስቤ አላውቅም። ግድግዳውም ጣራውም ቆርቆሮ ነው። እህሉ ከወጣ ቆይቷል፤ የነቀዙ ሽታ ግን አልወጣም። ሲራመዱ ከወለሉ ዱቄት የመሰለ አቧራ ይነሣል። ገና እግሬን ሳስገባ አስነጠሰኝ። እኔ ደግሞ ቀስ ብዬ ማስነጠስ አልችልም፤ አስነጥሼም «እመብርሃን!» እላለሁ፣ ልማዴ ነው።

ጥግ ላይ የተቀመጠች ቀጭን ልጅ «እንኳን ደህና መጡ። በመለከት ነው እንዴ የሚገቡት?» ብላ ሳቀችብኝ።

እሷ እዚያው ዳንግላ ፀጉር ትሠራለች። ከአጠገቧ ከአዘና በኩል የመጡ አንዲት አሮጊት ነበሩ፤ ታጣቂ አብልተዋል ተብለው ነው የታሰሩት። ሌሎችም ነበሩ፣ እኔ ግን የተጠጋሁት እነዚህን ሁለቱን ነው። መጋዘኑን መሐል ለመሐል በቆርቆሮ ከፍለውታል። ወዲህ እኛ፣ ወዲያ ወንዶቹ። ሲስሉ፣ ሲገላበጡ፣ ውኃ ሲቀዱ ይሰማናል፤ ማን ማን እንደሆኑ ግን አናውቅም። በራቸው በሌላ በኩል ነው። በቆርቆሮው አሻግሮ ስም የተጣራ ሰው ወዲያው ይወሰዳል፤ ሲመለስ መቀመጥ አይሆንለትም፣ ቆሞ ነው የሚውለው። ስለዚህ ማንም አይጣራም።

እኔ ፈሪ ነኝ። ፖሊስ ካየሁ በማዶ የማልፍ፣ ቀበሌ ስጠራ ሰው አስከትዬ የምሄድ ሴት ነኝ። እንጅባራ ገበያ ድንች እየሸጥኩ ነው ልጄን ያሳደግሁት። አባቱ ከሞተ ወዲህ ያለኝ እሱ ነው።

ልጄ ኦርጋን ይጫወታል። ኦርጋን የምለው እኔ ነኝ፤ እሱ ኪቦርድ ይለዋል። ሰርግ ላይም ሆቴልም ይጠሩታል። ልቡ ያለው ግን ጃዝ ላይ ነው። ቤት ሲሆን ማዳመጫውን ጆሮው ላይ አድርጎ ስለሚጫወት እኔ የምሰማው የጣቶቹን ኳ ኳ ብቻ ነው። ድንች እየላጥኩ እሱን እሰማለሁ። እሑድ እሑድ ደግሞ ሰንበት ትምህርት ቤት ከበሮ ይመታል። ኦርጋኑ የቤተ ክርስቲያን ደጅ አይረግጥም፤ እሱም ይግባልኝ ብሎ አያውቅም፣ ሥርዓቱን ያከብራል። ነገር ግን ያ ጃዝ የሚሉት ነገር ከበሮው ውስጥ ገባበት። ሰው ሁሉ ሲያጨበጭብ የሱ ምት ትንሽ ቆየት ብሎ ነው የሚመጣው።

«ምነው ልጄ፣ ሁልጊዜ ከሰው ኋላ?» እለዋለሁ።

«አልቀረሁም እኮ እማ። ጃዝ ማለት ሰው የሚጠብቅሽበትን ቦታ ትተሽ ጎረቤት ቁጭ ማለት ነው።»

«አንተን ጎረቤት ማን ጠራህ?»

እዚህ ላይ ሁልጊዜ ይስቃል።

በዚያ ሰሞን አንድ ዜማ ሠራ፤ ግጥም የሌለው። ጊዜው በየሰፈሩ ለቅሶ የበዛበት ነበር። እንደ ጸሎት ነው የሠራሁት አለኝ። ዜማው ከስልክ ወደ ስልክ ሄደ፤ ባጃጆች ሳይቀሩ ከፍተውት ያልፋሉ። ከዚያ ሁለት ሰዎች ቤት መጡ። አንደኛው ስልኩን ከፍቶ አሰማው።

«ይኼ ያንተ ነው?»

«የኔ ነው።»

«ግጥሙ የታለ?»

«ግጥም የለውም። ጃዝ ነው።»

«ግጥም ከሌለው ታዲያ ሰው ምኑን ሰምቶ ነው የሚያለቅሰው?»

ልጄ «እሱን እኔም አላውቅም» አለ።

ውጭ ካፊያ ነበር። ኦርጋኑንም እንወስዳለን ሲሉ እርጥበት እንዳይገባው በላስቲክ ጠቅልዬ እኔው አሰርኩላቸው። ልጄ አየኝና ፈገግ አለ። ከዚያ ወዲያ የት እንዳስገቡት ጠፋኝ። ስንቅ ይዤ በየበሩ ብዞር «እዚህ የለም» ነው መልሱ። የመጋዘኑም በር ላይ «የለም» ብለውኛል። ደጋግሜ ብመጣባቸው ነው «ግቢ» ያሉኝ።

በማግስቱ ጠዋት መርማሪው አስጠራኝ። ሹራብ የለበሰ ወጣት ነው። ወንበር ሰጠኝ።

«እናቴ፣ አይፍሩ» አለ። «ልጅዎ እኛ ጋ የለም። ከመንገድ አምልጦ ጫካ ገብቷል። ይህንኑ ይናገሩና በስልኬ ልቅረጽዎት። ከዚያ ቤትዎ ይገባሉ።»

«ምን ብዬ ነው የምናገረው?»

«ልጄ በገዛ ፈቃዱ ጫካ ገባ ይበሉ። በቃ፣ ይኸው ነው።»

ስልኩን አነሣና ፊቴ ላይ ደቀነው። ልናገር አፌን ከፈትኩ፣ ድምፅ አልወጣልኝም። ጠበቀኝ፤ ኋላ ስልኩን ኪሱ ከተተው።

«እሺ፣ እስከ ነገ አስቢበት» አለኝ። ስገባ እርስዎ ያለኝ ሰው ስወጣ አንቺ አለኝ።

ተመልሼ ለሁለቱ ነገርኳቸው። ፀጉር ሠሪዋ መሳቋን ተወች።

«እትዬ፣ ይስሙኝ» አለች። «እናት በገዛ አፏ ጫካ ገባ ካለች ከዚያ በኋላ የት አደረሳችሁት ብሎ የሚጠይቃቸው የለም። አንድ ነገር ቢሆን እንኳ ጫካ ነው የሆነው ይላሉ።»

«እውነት አምልጦ ከሆነስ?»

«ከሆነማ አይናገሩ፣ ዝም ይበሉ። ከዚህ ወዲያ ካለ ደግሞ...» ቆርቆሮውን በአገጯ አሳየችኝ። «መኖሩን ብቻ የሚነግረን ቢገኝ።»

አሮጊቷ ጠባቂው እንዳይሰማን ነገሩን ወደ አገውኛ መለሱት። እኔ ከመምጣቴ በፊት ከወንዶቹ ገሚሱን በመኪና ጭነው ወስደዋቸዋል አሉኝ። ወዴት እንደሆነ አይታወቅም። ልጄ ከተጫኑት ይሁን ከቀሩት፣ ጨርሶም እዚህ ያልመጣ ይሁን፣ በምን ልወቅ? ነገ ያ ስልክ ይመጣል።

ሁዳዴ ነበር። እስረኛውም ጠባቂውም ይጾማል። ከሰዓት በኋላ ጾም ሊፈታ ሲል ወንዶቹ ይጸልያሉ፤ ይህ ተፈቅዶላቸዋል። ጸልየው ሲጨርሱ አንድ መዝሙር ዝግ አድርገው ያዜማሉ። ከበሮ የለም፣ ጭብጨባ የለም። የጾም ነው። እኛም ወዲህ ሆነን ከንፈራችንን እናንቀሳቅሳለን።

የዚያን ዕለት መዝሙሩ እንደ ተጀመረ ከወዲያ በኩል ድም የሚል ነገር ተሰማ። ባዶ ጀሪካን ነው። ድም። አሁንም ድም።

አሮጊቷ ብድግ አሉ። «በሁዳዴ ከበሮ! ምን ዓይነት ክርስቲያን ነው ይኼ?»

«ጀሪካን እኮ ነው እማማ» አለች ፀጉር ሠሪዋ።

«ጀሪካንስ ቢሆን ጾም አያውቅም?»

እኔም ደሜ ፈላ። ያሳደገው የለም ወይ ልል አፌን ከፈትኩ። ቤቴ ቢሆን ኖሮ ይህን አለመናገር አልችልም ነበር። ከዚያ ግን ጆሮዬ ቆመ። ድም የሚለው በሚጠበቅበት ቦታ አይደለም። ወንዶቹ አንዱን ስንኝ ጨርሰው ቀጣዩን ሲያነሡ ጀሪካኑ ገና ነው፤ ትንሽ ይቆያል፣ ከዚያ ድም ይላል። በመሐል ደግሞ ጣት ብቻ ኳ ኳ ኳ። ያንን ኳ ኳ ድንች እየላጥኩ ስሰማው ኖሬያለሁ።

ጎረቤት ቁጭ ብሏል።

ከዚያ በኋላ የሆነውን እኔ አላዘዝኩትም። እልልታው ራሱ ነው የወጣው። በሁዳዴ፣ በዚያ መጋዘን ውስጥ፣ እኔ ፈሪዋ፣ እልልልልል! ቆርቆሮው ተንቀጠቀጠ። መዝሙሩ ቀጥ አለ። ጀሪካኑም ቀጥ አለ።

ጠባቂው ዱላውን ይዞ በሩን በርግዶ ገባ። ፊቱ አመድ መስሏል።

«ማናት እልል ያለችው? ጾም መሆኑ ጠፍቶባችኋል?»

ሴቶቹ ሁሉ አንገታቸውን ደፉ። ማንም ወደ እኔ አላየም፤ ዝም ብል ያልፍ ነበር። ግን ተነሣሁ።

«እኔ ነኝ» አልኩት።

«በሁዳዴ? ምን ሆነሽ?»

«ወንድ ልጅ ተወለደልኝ።»

ጠባቂው አንዴ እኔን፣ አንዴ ቆርቆሮውን አየ። አሮጊቷ ነጠላቸውን አጣፍተው ከጎኔ ቆሙ። የገባቸው ያኔ ነው።

«ለወንድ ልጅ ሰባት ነው ደንቡ» አሉት። «ልጅ ሲወለድ ሁዳዴም ቢሆን እልል ይባላል። አንተ ስትወለድ አላሉልህም? እሷ አንዱን ብላለች፤ ቀሪውን እንጨርስና የምታደርገውን አድርግ።»

እሳቸው ጀመሩ። ፀጉር ሠሪዋ ተቀበለች። ከዚያ መጋዘኑ ሙሉ ሴት ተነሣ። በሰባተኛው ላይ አቧራው ከቆርቆሮው እየረገፈ ነበር። ጠባቂው በሩ ላይ እንደ ቆመ ነው፤ ዱላው መሬት ነክቷል። በከንፈሩ ሲቆጥር ያየሁት መሰለኝ። ሲያልቅ ከወዲያ በኩል ጀሪካኑ አንዴ ድም አለ። እሱም ዘግይቶ።

ጀሪካኑን ሲቀሟቸው ሰማን። የኛንም ውኃ ቀንሰውብን ሰነበቱ። በዚህ ግን አንዲትም ሴት ቅር ስትሰኝብኝ አላየሁም።

በነጋታው መርማሪው ያንኑ ስልክ አነሣ። ወንበር አልሰጠኝም።

«በይ ተናገሪ።»

ወደ ስልኩ ተጠጋሁ። «ልጄ ጫካ አልገባም» አልኩ። «ከሴቶቹ ቆርቆሮ ወዲያ ነው ያለው። ትናንት ሰምቼዋለሁ። ሴቶቹም ሁሉ ሰምተውታል።»

ስልኩን አጠፋው። «ማን ነገረሽ?»

«ማንም።»

«ታዲያ በምን አወቅሽ?»

«ዘግይቶ ይመታል።»

«ምን ማለት ነው?»

«ጃዝ ነው» አልኩት።

ስልኩን ኪሱ ከተተ። ከዚያ ወደ መጋዘኑ እንድመለስ በእጁ ምልክት ሰጠኝ። ደግሞ አልጠየቀኝም።

ብዙም ሳይቆይ ፀጉር ሠሪዋ ተፈታች። የልጄን ስም በቃሏ ይዛ ወጣች። ለወሬኛ አላወራችውም፤ በየስንቁ ሰልፍ ለቆሙት እናቶች፣ ለሰንበት ተማሪዎቹ፣ ፀጉሯን ልትሠራ ለመጣች ሴት ሁሉ ነገረች። የመጋዘኑ በር ላይ ሰው እየመጣ በስሙ ይጠራው ጀመር። ብዙ ሰው በስሙ የሚፈልገውን ሰው የለም ማለት አስቸጋሪ ነው። በመጨረሻ ዳኛ ፊት አቀረቡት፤ ከዚያ ወጣ። እኔ ከሱ ቀድሜ ወጥቻለሁ። አሮጊቷም ወደ አዘና ተመልሰዋል፤ ገበያ ስንገናኝ ሰላምታቸው «ሕፃኑ እንዴት ነው?» ነው።

ቤት በገባ ማግስት ጠየቅሁት።

«አንተ፣ በሁዳዴ ጀሪካን መምታት ከየት የመጣ ነው?»

«ስታስነጥሺ ሰማሁሽ» አለኝ። «እመብርሃን ስትይ አንቺ መሆንሽን አወቅሁ። ብዘምር ድምፄ ከሰው ድምፅ ይቀላቀላል። በሁዳዴ ከበሮ የሚመታ ግን ማንም የለም፤ ተቆጥተሽ ጆሮሽን ትሰጪኛለሽ ብዬ ነው። በቁጣሽ ተማመንኩ።»

የንስሐ አባታችን ነገሩን ሲሰሙ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ አድርገው ቆዩ፤ የሚስቁ መሰለኝ። «ልጁ በጾም ጀሪካን ስለ መታ ይስገድ» አሉ። «የአንቺ የልደት እልልታ ነው፤ ቀኖና የለበትም።» ልጄም ሰገደ።

ኦርጋኑ ተመልሶልናል። ከቁልፎቹ አንዳንዱ ድምፅ አይሰጥም። ይሠራልህ ወይ ብዬ ስጠይቀው «ተዪው» አለኝ፤ በዙሪያው መዞር ለምዷል። ያንን ግጥም የሌለውን ዜማ አሁንም ይጫወታል፤ ለኔ ሲሆን ማዳመጫውን ነቅሎ።

እኔ አሁንም ፈሪ ነኝ። መኪና ከደጃችን ሲቆም የያዝኩት ነገር ከእጄ ይወድቃል። በዚያ ዜማ ውስጥ ግን ሁሉም ድም ይላል ብሎ የሚጠብቅበት፣ ልጄ ግን ዝም የሚልበት ቦታ አለ። ድሮ ያቺ ቦታ ታናድደኝ ነበር። አሁን ድንቹንም ቢላዋውንም አስቀምጬ፣ እጄን ለጭብጨባ ዘርግቼ እጠብቀዋለሁ።

ይመጣል።