የሜርቭ ሚስማሮች

ሜርቭ ሲሞት ያስቸገረን መሞቱ አልነበረም፣ የት ይቀመጥ የሚለው ነው።

የሚስቱ የኖሊን ጎረቤት ነኝ። በኔና በሷ ተጎታች ቤት መሃል ያለው የልብስ ማስጫ ሽቦ ብቻ ነው፣ ስለዚህ የምጽፈው ያየሁትንና የሰማሁትን ነው። ኖሊን ሰባ አንድ ዓመቷ ነው። ጠዋት ጠዋት የዝንብ መረቧን ፊቷ ላይ ጥላ፣ ብረት ሲያገኝ የሚጮኸውን መሣሪያዋን ትከሻዋ ላይ አንጠልጥላ ወርቅ ፍለጋ ትወጣለች። ወገቧ ላይ ረጅም ሰንሰለት ታስራለች፣ ሰንሰለቱ ቀዩ አፈር ላይ ሲጎተት የሄደችበትን መስመር ያሳያታል፣ ሁለቴ እንዳትደግመው። ከሩቅ ላያት ሰው ከእስር ያመለጠች ነው የምትመስለው።

ሜርቭም እንደዚሁ ነበር። ግን አብረው አይሄዱም። እሷ ወደ ምሥራቅ፣ እሱ ወደ ሰሜን። በአርባ ዓመት ትዳር አንድ ቀን አብረው ፈልገው አያውቁም።

«አልጋ ላይ የተወራ ነገር በማግስቱ መጠጥ ቤት ይደርሳል» ይል ነበር ሜርቭ።

«እኔስ የኔን ቦታ ነገርኩት እንዴ?» ትላለች ኖሊን። አልተቀየመችውም።

እሱ ግን የሆነ ቦታ ነበረው። በወር በወር በመድኃኒት ብልቃጥ ትንሽ ትንሽ ወርቅ ይዞ ይመጣል። መጠጥ ቤት የሚውለው ግሌን አንድ ቀን ቀኑን ሙሉ በመኪና ሲከተለው ውሎ ነዳጅ አለቀበት። ነዳጅ ያመጣለት ራሱ ሜርቭ ነው።

ሆስፒታል ተኝቶ «አመዴን ወርቄ ላይ አድርጊልኝ» አላት።

«እሺ፣ የት ነው?»

ሜርቭ ነርሷን አየ። «መጀመሪያ እሷ ትውጣ።»

ነርሷ ወጣች። በሩን እስክትዘጋ ድረስ ሜርቭ እንቅልፍ ወስዶታል። ሲነጋ ሞተ።

ሬሳው ተቃጥሎ አመዱ በብስኩት ቆርቆሮ መጣና ፍሪጁ ላይ ተቀመጠ። ሰኞ ዕለት እህቱ ቤሪል ከፐርዝ ከተማ ደወለች። ቅዳሜ መጥታ ልትወስደው ነው፣ እናታቸው ጎን ልታስቀብረው።

«እናቱን በሕይወት እያለች አምስት ደቂቃ አይችላትም ነበር» አለች ኖሊን ስልኩን ዘግታ። «አሁን ለዘላለም ልታስተኛው! ቅዳሜ ሳይደርስ ቦታውን ማግኘት አለብኝ።»

ማክሰኞን ሙሉ ሰሜኑን በመኪና ዞርን። ሰሜን ደግሞ ትልቅ ነው። ምንም አላገኘንም።

ረቡዕ ነፋስ ተነሳና የመጋዘኗን ጣሪያ አንድ ቆርቆሮ ገነጠለው። ኖሊን መሰላል ላይ ወጣች፣ በዚያ ዕድሜዋ።

«የቆርቆሮ ሚስማር አቀብይኝ፣ ውስጥ ሁለተኛው ካርቶን አለ።»

ካርቶኑን አገኘሁት። «ባዶ ነው።»

«እንዴት ባዶ ይሆናል? ሜርቭ ሁለት ካርቶን ነው የገዛው፣ ጣሪያው አንዱንም በቅጡ አልጨረሰም።»

ከዚያ ጣሪያው ላይ የተመቱትን ሚስማሮች አየች። ሜርቭ እንዳይዝጉ ብሎ ፍሪጁን ቀብቶ በተረፈው ሰማያዊ ቀለም ጭንቅላታቸውን ቀብቷቸዋል። ከመሰላሉ ወርዳ በቀጥታ ወደ ቆሻሻ ባልዲዋ ሄደች። ወርቅ ፈላጊ ሁሉ እንደዚህ ያለ ባልዲ አለው፣ ያወጣውን ዝባዝንኬ፣ ቀልሀም የፈረስ ጫማም፣ እዚያ ይጥላል። መሬት ላይ ዘረገፈችውና አንድ እፍኝ ሚስማር ለቀመች። ጭንቅላታቸው ሰማያዊ ነው።

«እነዚህን ያወጣኋቸው የወደቀው የነፋስ የውሃ ፓምፕ ጀርባ ነው!»

ያንን ሜዳ ሁሉም ያውቀዋል። መሣሪያው በየእርምጃው ይጮሃል፣ ትቆፍራለህ፣ ሚስማር ነው። ግሌን ‹ከመቶ ዓመት በፊት የወርቅ ቆፋሪዎች ሰፈር ነበር፣ ሚስማሩ የነሱ ነው› ይላል። ሰው ሁሉ ተስፋ ቆርጦ ትቶታል፣ እኛም ማክሰኞ ሳንቆም አልፈነዋል።

«ሜርቭ ራሱ እኮ ነው ‹እዛ አትልፊ፣ ሚስማር ብቻ ነው› ያለኝ» አለች ኖሊን። «የመቶ ዓመት ሚስማር፣ በኔ ፍሪጅ ቀለም! ሰው እንዳይቆፍር ራሱ ነው የዘራው! ይሄ ውሻ! ይሄ ውሸታም የውሻ ልጅ!»

እስክትቀመጥ ድረስ ሳቀች። ትንሽ አለቀሰች። እንደገና ሰደበችው።

ነፋሱ እስኪቆም ጠብቀን አርብ ጠዋት ሄድን። ሜርቭን መሃላችን አስቀመጥነው። ከፓምፑ ጀርባ አንድ የሙልጋ ዛፍ ሥር ታጣፊ ወንበር ቆሟል። ኖሊን ወንበሩን ገልብጣ አየችው፣ ራሷ የሰፋችው ነው።

«ተሰረቀብኝ ያለኝ ወንበር! እኔ ሁለት ዓመት ሙሉ ግሌንን ሌባ ስለው!»

ወንበሩ እግር ሥር መሣሪያዋን አወዛወዘች። ጮኸ። ቆፈርኩ፣ ሚስማር።

«በይ እንቅበረው» አልኳት።

«ቆይ፣ ጉድጓዱን ልድገመው።»

ሚስማሩ ወጥቶም መሣሪያው አሁንም ይጮሃል። እስከ ክርኗ ድረስ ቆፈረችና የባቄላ ፍሬ የሚያህል ወርቅ አወጣች። አፈሩን በምራቋ ጠርጋ አየችው።

«ሜርቭ፣ አንተ ደደብ» አለችው ቆርቆሮውን። «በየቀኑ እላዩ ላይ ቁጭ ብለህ ሻይ ስትጠጣ ነበር። ሲጮህብህ የራስህ ሚስማር መስሎህ!»

አመዱን እዚያው ጉድጓድ ውስጥ አፈሰሰችው። ወርቁን አብራ የቀበረች ከመሰላችሁ ኖሊንን አታውቋትም፣ ኪሷ ከተተችው። አፈሩን መለስን። ከባልዲው ያመጣቻቸውን ሚስማሮች ደግሞ ላዩ ላይ በተነችና በእግሯ ረገጠቻቸው።

«አሁን ማንም አይቆፍረውም» አለች።

ቅዳሜ ቤሪል መጣች። ጥቁር ለብሳለች፣ ዝንቡ ወሯታል።

«ሜርቭ የታል?»

«ሥራ ሄዷል» አለች ኖሊን።

ቤሪል መጀመሪያ ጮኸች፣ ቀጥሎ አለቀሰች፣ በኋላ ቀዝቃዛ ቢራ ሲሰጣት ዝም አለች። ልትሄድ ስትል ነው ድምጿን ዝቅ አድርጋ የጠየቀችው።

«ቦታውን እንኳን ንገሪኝ፣ እህቱ አይደለሁም እንዴ?»

ኖሊን እኔን አየችኝ፣ የቤሪልን መኪና በር አየች።

«ለኔ አርባ ዓመት ያልነገረኝን» አለች፣ «ላንቺ በአንድ ቀን ልነግርሽ?»