የቬርሊን ግራኝ ጠመንጃ

ዴልበርት ሃውጊ በከተማችን ማንንም አያምንም። ሥጋ ሻጩ የመዘነለትን ቤቱ ወስዶ እንደገና ይመዝናል። እኔ የጠመንጃ ሱቅ አለኝ፤ ከእኔ የገዛውን ጥይት ዓይኔ እያየ ፓኮውን ከፍቶ ይቆጥራል። ሞንታና ውስጥ እንደሱ ያለ ቆቅ ሽማግሌ የለም እል ነበር። ለካ ቆቅነቱ ለሚያውቀው ሰው ብቻ ኖሯል።

ሚስቱ ቬርሊን ግራኝ ናት። ከተጋቡ ጀምሮ የምታድነው በእሱ አሮጌ ጠመንጃ ነው። ጥይት የሚያጎርሰው መቀርቀሪያ በቀኝ በኩል ስለሆነ፣ ተኩሳ ለመድገም ግራ እጇን በላዩ አሻግራ መጎተት አለባት። ያም ሆኖ በየዓመቱ ከእሱ ቀድማ አጋዘን ትጥላለች። ዘንድሮ ዴልበርት የአደን ወቅት ሳይገባ መቀርቀሪያው በግራ የሆነ ጠመንጃ ገዝቶ ሊያስደንቃት አሰበና እንደ ነፍሱ የሚወዳትን ጀልባ ሸጠ።

አንድ ቀን ጠዋት ስልኩን ይዞ ሱቄ ገባ።

«ኢንተርኔት ላይ አገኘሁልህ። ሻጯ ፓስተር የነበረ ባሏ የሞተባት ሴት ናት። በግማሽ ዋጋ። ደግሞ ‹አባቴ› ነው የምትለኝ።»

«የት ነው ያለችው?»

«ፍሎሪዳ። ቤትህ ድረስ በፖስታ እልክልሃለሁ ብላለች። ገንዘብ የተሞላበት የስጦታ ካርድ ገዝቼ ቁጥሩን እንድነግራት ብቻ ነው የጠየቀችኝ።»

«ዴል፣ ከሌላ ግዛት የሚመጣ ጠመንጃ ቤት አይላክም። ፈቃድ ላለው ሱቅ ይላካል፣ እኔ አጣርቼ አስረክብሃለሁ። ይሄን አጥተኸው ነው?»

«አንተን የሚያንገበግብህ የአገልግሎት ክፍያህ መቅረቱ ነው።»

ተናደድኩ። «እንግዲያው ጠመንጃውን ከድንች ጋር ፎቶ አንስታ ትላክልህ» አልኩት።

«ከምን ጋር?»

«ከድንች ጋር። ፎቶው የተሰረቀ ከሆነ ድንቹን ከየት ታመጣዋለች?»

እያጉረመረመ ጻፈላት። የሟቹ ባሏ ነፍስ በድንች እንደተሰደበች የሚያትት ረጅም መልስ መጣ፤ ከሥሩ ድንች የሌለበት ሌላ ፎቶ። ዴልበርት «አየህ፣ ያዘነች ሴት አስቀየምክብኝ» ብሎ ካርዱን ሊገዛ ሲነሳ ቬርሊን ገባች። ስልኩን ሊደብቅ ሞከረ፤ ነጠቀችው።

«ምንድን ነው ይሄ?»

«ያው... ላንቺ ነበር።»

ፎቶውን ወደ ዓይኗ አስጠጋችው። «ፓስተሩ ጠመንጃውን በመስታወት ነበር እንዴ የሚያየው? በርሜሉ ላይ ያለው ጽሑፍ እኮ ተገልብጧል።»

እውነቷን ነው። የግራኝ ጠመንጃ እንደ ልብ ስለማይገኝ፣ አጭበርባሪው የቀኙን ፎቶ ገልብጦ መቀርቀሪያውን ወደ ግራ አምጥቶታል። ፊደሎቹም አብረው ዞረዋል። ዴልበርት ኩም አለ። እኔ ሳቄን መያዝ አልቻልኩም፤ ደግሞም አልሞከርኩም።

«ገንዘቡን ከየት አመጣኸው?» አለችው።

«ጀልባዋን ሸጥኳት።»

ቬርሊን ስልኩን መልሳ ኪሱ ውስጥ ከተተችለት።

በሳምንቱ ከጎረቤት ከተማ ሌላ ሻጭ ተገኘ፤ ፊቱ የማይፈታ ሰውዬ። ድንቹን ብንጠይቀው «የተላጠ ነው ያልተላጠ?» ብሎ ብቻ ፎቶውን ላከ። ከእኔ ሱቅ ውጪ አልገናኝም አለ፣ ከዴልበርት መታወቂያ ጠየቀ፣ ከዋጋው አምስት ሳንቲም አልቀንስም አለ። ዴልበርት ወደደው። የተሰረቀ እንዳይሆን የጠመንጃውን መለያ ቁጥር ለሸሪፉ ደውለን አጣራን፣ በርሜሉን በባትሪ አየን፣ ከዚያ ከፈለ።

ቬርሊን ከሱቁ ጀርባ ወጥታ ተኮሰች። ዒላማውን መታችው። ለመድገም ግን ግራ እጇ በልማድ ጠመንጃውን ተሻግሮ በቀኝ በኩል አየር ጨበጠ። ደገመች፣ ያው ሆነ። የዴልበርት ፊት ጠቆረ።

«እንቢ አለሽ አይደል? ሰውየው ሳይርቅ ልመልሰው?»

«ዕድሜዬን ሙሉ በአንተ ጠመንጃ አጣመምከኝ፤ አሁን ልቃና ስል ልትነጥቀኝ?» አለችው። «ይልቅ ጥይት ጨምርልኝ።»

ጨመረላት። እጇ እስኪገራ ድረስም ሣሩ ውስጥ ተንበርክኮ ቀለሃ ሲለቅምላት ዋለ።