የቀበሮዋ ጾም

እንዳላማው በደብረ ማርቆስ አንዲት አነስተኛ የእንስሳት ማቆያ ውስጥ ቀይ ቀበሮ ይመግብ ነበር። ቀበሮዋ ከጮቄ ተራራ በወጥመድ ቆስላ የመጣች ናት፤ ዘሯ ከዓለም ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶታል። ሰውየው ደግሞ ጾም የማያፈርስ፣ በሰፈሩ የተመሰገነ ሰው ነው። ጉድ ያፈላውም ይኸው ምስጋና ነው።

ድሮ ሁዳዴ ገብቶ የክርስቲያን ሥጋ ቤት ሲዘጋ፣ ቀበሮዋ ከግቢዋ አፈር አይጥ እያደነች ፋሲካን ትደርስ ነበር። ዘንድሮ ማቆያው ሲታደስ ወለሉ ሲሚንቶ ሆነ፤ አይጡም አብሮ ጠፋ። ኃላፊዋ ወይዘሮ ሕሊና፣ «እስከ ፋሲካ ከጀማለዲን ሥጋ ቤት ውሰድ» አሉት።

ሄደ። ደጁ ላይ ሲደርስ ጎረቤቱ የብርጓል ከቅዳሴ ስትመለስ አያት። በሁዳዴ፣ ያውም ከሙስሊም ሥጋ ቤት ሥጋ ይዞ ሲወጣ ብታየው፣ «ለቀበሮ ነው» ቢል ማን ያምነዋል? ተመለሰ። በማግስቱ መንገዱ ላይ ማንም አልነበረም፤ እሱ ግን አሁንም ከሩቁ ተመለሰ። ጾሙን ሳይሆን ስሙን ነበር የሚጠብቀው።

ለቀበሮዋ ዳቦ በወተት አራሰላት። አሽትታ ተወችው። ወይዘሮ ሕሊና ሲጠይቁት፣ «ሥጋ አቀርብላታለሁ፣ አልበላ አለች» ብሎ ዋሸ። በሦስተኛው ሳምንት ሞታ ተገኘች።

ሐኪሙ «የግንባታው ጩኸት አስደንግጧት ምግብ ዘግቷት ነው» ብሎ ጻፈ። እድሳቱን ገና ያልጨረሰው ግንበኛ ውበቱ ይህን ሲሰማ ፊቱ ዐመድ መሰለ። እንዳላማው አጠገቡ ቆሞ ዝም አለ። ከዚያ ቀን ጀምሮ እህል አልዋጥልህ አለው፤ አፈረ፣ ራሱን ጠላ።

በመጨረሻ ለንስሐ አባቱ ተናገረ። «እግዜር ለአውሬ ጾም አላዘዘ፤ አንተ ከየት አመጣኸው?» አሉት። «ለእኔ መንገርህስ ደግ ነው። ያ ግንበኛ ግን ያንተን ኃጢአት ተሸክሞ እስከ መቼ ይዞራል?»

በማግስቱ ጠዋት ውበቱን በማቆያው ያሉትን የጭላዳ ዝንጀሮዎች አጥር ሲገነባ አገኘው። ድንጋይ ይጠርባል፤ መዶሻው ግን አይጮኽም። ቀረብ ብሎ ሲያይ፣ የመዶሻው ራስ ከጋቢ በተቀደደ ጨርቅ ተጠቅልሏል። በዚያ መዶሻ አንድ ድንጋይ ለመጥረብ ግማሽ ቀን ይፈጃል።

«ምነው ውበቱ?»

«እነዚህ እንኳ አይሙቱብኝ ብዬ ነው፣ ጋሼ።»

እንዳላማው ድንጋዩ ላይ ተቀመጠ።

«ጨርቁን ፍታው፣ ወንድሜ» አለው። «ቀበሮዋን በረኃብ የገደልኳት እኔ ነኝ።»