ከተገኘ በኋላ የፈለግነው ሰው

ባለፈው ቅዳሜ እዚህ ካልጋሪ ከኢንተርናሽናል አቬኑ በርበሬና ኮረሪማ ገዝቼ ወደ ዶቨር ስመለስ፣ ከቤቴ በላይ ካለው ሜዳ ላይ ሙሽሮች ፎቶ ሲነሡ ደረስኩ። ቀድሞ የመጣልኝ ድምፁ ነው፤ የተቆጣ ንብ ዓይነት ድምፅ። ቀና ብል ከሙሽራዋ ቬሎ በላይ ድሮን ተንጠልጥላለች። ከተማው ፓርክ ውስጥ ማብረር እንደማይፈቅድ አውቃለሁ፤ ከሰው ጭንቅላት በላይ ማብረር ደግሞ የባሰ ነው። በሰው ሠርግ ላይ ሕግ አስተማሪ መሆን ደስ አይልም፤ ግን አላስቻለኝም። ጠጋ ብዬ ለካሜራ ማኑ ነገርኩት።

«እትዬ፣ ፋይቭ ሚኒትስ ብቻ ነው» አለኝ፣ ዓይኑን ከስክሪኑ ሳያነሣ።

እትዬ መባሉም አልጣመኝም። ቤቴ ገብቼ መስኮቱን ዘጋሁት። ድምፁ ጠፋ፤ እኔ ግን ከዓመታት በፊት ያለፈ አንድ ቀን ሙሉውን አስታውሼ ተቀመጥኩ፣ የገዛሁትንም ከፌስታሉ ሳላወጣ መሸ።

እኔም አንድ ጊዜ ድሮን ነበረችኝ። ሃያዎቹ ውስጥ ነበርኩ፣ ካናዳ ከገባሁ ብዙም አልቆየሁም፤ ከካልጋሪ ወጣ ብላ በምትገኝ ትንሽ ከተማ የሥጋ ፋብሪካ ውስጥ እሠራ ነበር። የከተማዋን ስም አልጠራም፤ ትንሽ ስለሆነች ስሟን መጥራት ሰዎቹን መጥራት ነው። ቀኑን ሙሉ ሥጋ እያገላበጥኩ፣ ከጣሪያና ከነጭ መብራት በቀር ምንም ሳላይ እውልና፣ ዕረፍቴ ሲደርስ ሰማይ ያምረኝ ነበር። በመጀመሪያው ክረምት ያጠራቀምኳትን አወጣሁና ድሮን ገዛሁ። ሐበሾቹ አበደች አሉ። ዛሬ አገር ቤት ለዘመዶቼ ድሮን የሚለውን ቃል ብጠራ ፊታቸው ይለወጣል፤ ያን ጊዜ ግን ቃሉ ገና የመጫወቻ ስም ነበር።

እንደ ዛሬው ምዝገባና ፈተና አልነበረም፤ መመሪያው ግን ነበረ፣ እኔም በቃሌ ይዤው ነበር። ከአየር ማረፊያ መራቅ፣ ከሰውና ከቤት መራቅ፣ ከዓይን እንዳትጠፋ፣ በቀን ብርሃን ብቻ፣ ፖሊስና እሳት አደጋ ሥራ ላይ ካሉበት ድርሽ አለማለት። ከመመሪያው በላይ የምጠነቀቀው ግን ከተማዋን ነበር። ጥቁር ሴት ብቻዋን ሜዳ ላይ ቆማ ወደ ሰማይ ስታይ፣ መጋረጃ ገለጥ የሚያደርግ አይጠፋም። ስለዚህ ለሥራ የመጣሁ እንድመስል ብርቱካናማ ሰደርያ ገዝቼ ለበስኩ። የወንዙ ዳር መሬት ባለቤት የሆኑትን ሽማግሌ ገበሬ በራቸውን አንኳኩቼ አስፈቀድኩ፤ ድፎ ዳቦም ይዤላቸው ሄጄ ነበር፣ ከዚያ በኋላ ከትራክተራቸው ላይ ሆነው እጃቸውን ያወዛውዙልኝ ነበር። ሰው ብቅ ካለ አሳርፋታለሁ። መስኮት ወዳለበት ካሜራዬን አዙሬ አላውቅም። የማየው ወንዙን፣ የስንዴ ማሳውንና፣ አየሩ ከጠራ ደግሞ በምዕራብ የተደረደሩትን የሮኪ ተራሮች ነበር።

በፋብሪካው ከሚሠሩት ሐበሾች መካከል መሐሪ የሚባል የደሴ ልጅ ነበር። ዝምተኛ ነው፤ ምሳ ሰዓት ላይ የሱፍ ፍትፍቱን ከፍቶ ሳያካፍል አይበላም። ሚስቱን ለምለምን ያስመጣት በዚያው ዓመት ነው። እንግሊዝኛ ገና አልጀመረችም፣ መኪና አትነዳም፤ ከእሱ ሌላ እዚህ አገር ያላት ሰው ኤድመንተን የሚኖር አንድ ወንድሟ ብቻ ነበር። ታላቃችን ጋሼ ሃብቶም ነበሩ፤ አስመራ በአማርኛ የተማሩ፣ ፋብሪካው ውስጥ ያረጁ። የታመመ ሲኖር ሐኪም ቤት የሚወስዱት፣ የተጣላ ሲኖር የሚያስታርቁት እሳቸው ናቸው። ፋብሪካውም ሆነ ፖሊስ ከሐበሻ ጋር ጉዳይ ሲኖረው መጀመሪያ የሚደውለው ለእሳቸው ነበር።

ዓቢይ ጾም ገብቶ፣ እኛም ክረምቱ አለፈ ብለን ከባዱን ጫማ ወደ ቁም ሳጥን ከመለስን በኋላ፣ አንድ ማታ የበረዶ ውሽንፍር መጣ። የዚህ አገር መጋቢት እንዲህ ነው፤ ያዘናጋና ይመታል። መሐሪ ከሺፍት ወጥቶ ቤቱ አልገባም። በማግሥቱ መኪናው ከወንዙ ድልድይ ወዲያ ቦይ ውስጥ ገብታ ተገኘች፤ በሩ ተዘግቷል፣ ውስጧ ሰው የለም። እዚህ የኖረ ሰው መኪናው በረዶ ውስጥ ቢቀረቀር ውስጡ ቁጭ ብሎ እርዳታ እንደሚጠብቅ ያውቃል። መሐሪ ያደገው ግን ችግር ሲመጣ ሰው በእግሩ ሄዶ የመጀመሪያውን ቤት በሚያንኳኳበት አገር ነው። መብራት አይቶ ይሆናል። እንደ አገሩ አደረገ።

ፖሊሶቹ ውሻ ይዘው ከድልድዩ በስተምሥራቅ ያለውን እርሻ ማሰስ ጀመሩ። እኔ ወደ አንዱ ፖሊስ ሄጄ ድሮን እንዳለችኝ ነገርኩት። ወደነሱ እንዳልጠጋ አስጠንቅቆኝ፣ በምዕራቡ የወንዝ ዳር ብቻ እንዳበርር ፈቀደልኝ። ውሽንፍሩ ቆሞ ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ ነጩ ሁሉ ዓይን ያጥበረብራል። ለምለም ከኔ ጋር መጣች። ቤት ተቀመጪ ብትባል እምቢ አለች።

ብርድ ባትሪ ይገድላል። አንደኛው ሲበር ሌላው መሞቅ አለበትና በብብቴ እይዘው ነበር። ይህን ስነግራት ከእጄ ወስዳ ከካፖርቷ ሥር፣ ጉያዋ ውስጥ አስገባችው። እንዲህ እየተለዋወጥን ወንዙን ከላይ ወደ ታች አሰስነው። እሷ ስክሪኑ ላይ አጎንብሳ «እዚያ እይው፣ እዚያ ጋ» ትለኛለች፣ እኔ ዝቅ አደርጋታለሁ። አንድ ጊዜ ከቁጥቋጦ ሥር የተጋደመ ጥቁር ነገር አየች። ዝቅ ስናደርጋት አሮጌ ጎማ ነበር።

«ተመስገን» አለች።

ቀትር ካለፈ በኋላ ጋሼ ሃብቶም መጡ። ለምለምን ብርዱ እንዳይጎዳት መኪናቸው ውስጥ ትንሽ እንድትቀመጥ አደረጉና፣ እኔን ራቅ አድርገው ወሰዱኝ።

«አገኙት» አሉኝ።

ፊታቸውን ሳይ በሕይወት ነው ወይ ብዬ መጠየቅ አላስፈለገኝም።

«ከእርሻው አጥር ሥር ነው። ፖሊሱ ኮል አድርጎልኝ ሄጄ አይቼዋለሁ፣ እሱ ነው። እነሱ አሁኑኑ ለሚስቱ እንንገር ነበር የሚሉት፣ ለምኜ ነው ያስቆምኳቸው። ወንድሟ ከኤድመንተን ድራይቭ እያደረገ ነው፣ ከካልጋሪም ሰው እየመጣ ነው። ባዶ ቤት፣ ብቻዋን፣ በማታውቀው ቋንቋ መርዶ አይነገራትም።»

«እና እኔ ምን ላድርግ?»

«አንቺ አብርሪ። እዚህ እስካለሽ አትሄድም። እኛ ቤቱን እናሰናዳለን።»

«ጋሼ፣ ከተገኘ ምን እፈልጋለሁ?»

«ማን ፈልጊ አለሽ ልጄ። አብርሪ ብቻ።»

መቃወም ነበረብኝ የሚሉኝ አሉ። እንዲህ የሚሉት ባብዛኛው እዚህ ያደጉ ናቸው። እኔ ባደግኩበት ቤት መርዶ በማለዳ፣ ዘመድ ተሰብስቦ፣ የሚደግፍ ክንድ ተዘጋጅቶ ነው የሚነገረው። እስከዚያ ድረስ የሰፈሩ ሁሉ ምንም እንዳልሰማ ሆኖ ደህና አደራችሁ ይላል። ያ እንደ ውሸት አይቆጠርም ነበር። ስለዚህ አበረርኩ። በዚያ ከሰዓት በኋላ አንድም መመሪያ አልጣስኩም። ከሰው ርቄ፣ ከቤት ርቄ፣ ፖሊስ በፈቀደልኝ ቦታ፣ በቀን ብርሃን። በሕይወቴ እንደዚያ የጠላሁት ሥራ የለም፤ ሥጋ ፋብሪካውን ጨምሮ።

ለምለም ተመልሳ አጠገቤ ቆመች። ባትሪው ጉያዋ ውስጥ ነው። «እዚያ» ትላለች፣ እሄዳለሁ። «ዝቅ አድርጊው» ትላለች፣ ዝቅ አደርጋታለሁ። የሞተ ሰው በሌለበት ወንዝ ላይ እያንዳንዱን ጉቶ ከሷ ጋር አየሁ። እያንዳንዱ ጉቶ ጉቶ ሆኖ ሲገኝ እሷ ትንሽ ቀለል ይላታል። ጋሼ ሃብቶም በየጊዜው ስልክ ይደውላሉ፣ «ገና ነው» ይሉኛል፤ እኔም በእንግሊዝኛ አጭር መልስ እሰጣለሁ። ማልቀስ አልችልም፣ ማብረሩን ማቆምም አልችልም።

«ድልድዩ ጋ አላየንም» አለች። «ወደ ድልድዩ አዙሪው።»

ሳላስብ አዞርኳት። ካሜራዋ ከወንዙ ቀና ስትል ድልድዩ፣ ከድልድዩ ጀርባ ደግሞ የከተማዋ ዳርቻ ስክሪኑ ላይ ገባ። የመሐሪ ቤት ከመንገዱ መጨረሻ፣ ለወንዙ ቅርብ ነበር። ካሜራዬን ወደ ቤቶች አዙሬ ስለማላውቅ ከዚያ ቤቱ ይታያል ብዬ አስቤም አላውቅም። ጋሼ ሃብቶምም ድሮኗን ሴትዮዋን ከቤት ለማራቅ ብቻ ነበር የፈለጓት፤ ዓይን እንዳላት ረሱ። ሌላ ጊዜ ባዶ የሚሆነው መንገድ በሁለቱም በኩል መኪና ተደርድሮበታል። ጥቁር የለበሱ ወንዶች ከአንድ ፒክአፕ ላይ ተጣጣፊ ወንበር እያወረዱ ወደ ውስጥ ያስገባሉ።

«የኛ ቤት ነው?» አለች።

ድሮኗን ልመልሳት ጣቴን ባንቀሳቅስ ይብሳል ብዬ ባለችበት ተውኳት።

«ያ ነጭ ቫን የወንድሜ ነው።»

«ሊያግዙሽ መጥተው ይሆናል።»

«ወንበር ይዘው?»

ወንዙ ከበረዶው ሥር ሲሄድ ይሰማል። «አውርጂው» አለች በመጨረሻ። አወረድኳት። ባትሪውን ከጉያዋ አውጥታ ሰጠችኝ፤ ትኩስ ነበር።

ልትሮጥ ነው ብዬ ፈርቼ ነበር። እሷ ግን ቀስ ብላ ነው የሄደችው፣ እኔም ከጎኗ። መንገድ ላይ «መቼ ነው የሰማሽው?» አለችኝ።

«ቅድም፣ ጋሼ ሃብቶም ሲመጡ።»

«እና እዚያ እይው ስልሽ ታዪልኝ ነበር።»

«አዎ።»

አንገቷን ነቀነቀች። ሰድባኝ ቢሆን ይሻለኝ ነበር። ቤቱ ሲቃረብ ቆም አለች። «አልጨረሱም ይሆናል» አለች፤ «ትንሽ እንቆይ።» እኔና እሷ ከጎረቤት አጥር ሥር፣ በረዶ ላይ ቆመን፣ ሰዎቹ ወንበራቸውን አስገብተው እስኪጨርሱ ጠበቅን። ከዚያ ገባን። ጋሼ ሃብቶም ከወንድሟ ጎን ቆመው፣ ሁላችን እንግዶች መሆናችንን፣ እግዚአብሔር የወደደውን እንደሚያደርግ፣ እንደ ደንቡ ጀምረው ተናገሩ። ለምለም አንድም ቃል ሳታቋርጥ እስከ መጨረሻው ሰማቻቸው። የመሐሪን ስም ሲጠሩ ወደቀች። ወንድሟ ያዛት። ያ ጩኸት ከዚያች ከተማ ቤቶች ሁሉ የተሰማ ይመስለኛል።

ድሮኗን ከዚያ ወዲህ አላበረርኳትም። በኋላ ሁለታችንም ወደ ካልጋሪ መጣን። ለምለም ሰንሪጅ አካባቢ ሱቅ ውስጥ ትሠራለች፣ እንግሊዝኛዋ ከኔ ይበልጣል። ጋሼ ሃብቶም አርፈዋል። ስለዚያ ቀን ከለምለም ጋር አንሥተን አናውቅም። አትወደኝም ብዬ አስብ ነበር፤ በዓል ሲሆን ግን ትደውላለች።

ባለፈው መኸር አባቴ አዲስ አበባ ዐረፉ። እኔ አላወቅኩም። እዚህ ያለው ሐበሻ ሁሉ ሰምቷል፤ ከሥራ ስመለስ ቤቴ መጥተው ሊነግሩኝ እዚሁ ካለው ወንድሜ ጋር ተነጋግረው ጨርሰዋል። መኪናዬን ፓርክ አድርጌ ወደ ሥራ ልገባ ስል ስልኬ ጠራ።

«ለምለም ነኝ» አለች። «መኪና ውስጥ ነሽ? አትውጪ። አባትሽ ዐርፈዋል። ማታ ሊነግሩሽ ነው፤ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ እየሳቅሽ እንድትውዪ አልፈለግኩም።»

ተናደድኩባት። ከመርዶው በፊት የመጣብኝ ንዴት ነበር። ብቻዬን፣ የመኪና መሪ ይዤ፣ የሚይዘኝ ሰው በሌለበት ፓርኪንግ ውስጥ ያንን መስማት ምን እንደሆነ የሚያውቅ ያውቀዋል፤ ጋሼ ሃብቶም ለምን እንደለመኑ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። ለምለምም ለምን እንደደወለች ገብቶኛል። ሁለቱም ገብተውኝ አንዱን ከሌላው ማስበለጥ ግን አቅቶኛል። ባልቴት ስሆንም የምወስን አይመስለኝም።

የማውቀው ይህን ነው። እኔ ስጮህ እሷ አልተናገረችም፤ አይዞሽም አላለችኝም። ወንድሜ ከእሷ ሰምቶ መጥቶ የመኪናውን በር እስኪከፍት ድረስ ግን ስልኩን አልዘጋችውም። ከወዲያ ማዶ ስትተነፍስ እሰማት ነበር።