ሊቭ የሚለው ግስ

በዐረብ አገር፣ ባዳሮ በሚባል ሰፈር በተከራየነው አዳራሽ፣ እሁድ ከጸሎት በኋላ እንግሊዝኛ እንማራለን። በጦርነቱ ሰሞን አንዲት የማናውቃት ሴት መጥታ ከኋላ ተቀመጠች። በቤት ሠራተኛ የደንብ ልብሷ ላይ ሰው ያዋሳትን የወንድ ጃኬት ደርባለች። የማንም ስልክ ቢጮኽ የራሷን አውጥታ ታያለች።

አስተማሪያችን ኤልሻዳይ የዕለቱን ግስ አስረዳች። «‹ሊቭ› መሄድ ነው፤ ላለፈ ጊዜ ‹ሌፍት› ይሆናል። ሰውን ጥሎ መሄድም በዚሁ ቃል ይባላል።»

ሴትዮዋ እጇን አወጣች። «ሁለቱም አንድ ቃል ነው?»

«አዎ እህቴ።»

«የአውሮፕላን ድብደባው ሲጀምር ማዳሜ ልጆቿን ይዛ ወጣች። እኔ መታጠቢያ ቤት እያጸዳሁ አልሰማሁም። ስደውልላት ‹ዊ ሌፍት› አለችኝና ስልኩ ተዘጋ። ያኒ፣ ማለቴ፣ ሄድን ነው ያለችኝ ወይስ ጥለንሽ ሄድን?»

ኤልሻዳይ መጽሐፏን ስታገላብጥ ቆየችና፣ «ሄድን ማለቷ ይሆናል» አለቻት።

«እኔም እንደዚያ ነው የገባኝ» አለች ሴትዮዋ፣ ፊቷ ፈካ ብሎ። «ይመለሳሉ ብዬ በየማታው እራታቸውን እየሠራሁ ጠበቅኳቸው፤ ጋዙ እስኪያልቅ።»