የተሰነጠቀው ቀለበት

በደርግ ጊዜ ነው። ጊንጪ አጠገብ ማኅበራችን የተከለው የሽንኩርት ችግኝ ውሃ አጥቶ ሊደርቅ ሲል፣ የላስቲክ ቧንቧ የሚቀጥል ባለሙያ ከከተማ ተላከልን። ሰውዬው መገጣጠሚያውን ፈታና ከውስጡ ነጭ ቀለበት አውጥቶ፣ «ይሄ ተሰንጥቋል» ብሎ ወረወረው። ሁለተኛውንም ሦስተኛውንም እንዲሁ። ታዲያ ውሃው በተለቀቀ ቁጥር ቧንቧው ከመገጣጠሚያው እየተፈናጠረ ሕዝቡን በጭቃ አጠመቀው።

«ልጄ፣ ፋብሪካው ሁሉንም አንድ ቦታ ላይ ነው የሚሰነጥቀው?» አልኩት።

«እማማ፣ ይሄ የሳይንስ ጉዳይ ነው፤ እርስዎ አይገባዎትም» አለኝ።

ፊደል እምብዛም አልቆጠርኩም እንጂ ዓይኔ ደህና ነው። ቀለበቶቹን ከሣር ውስጥ ለቅሜ ቧንቧው ላይ አጠለቅሁና የመገጣጠሚያውን ክዳን አጠበቅሁት። ስንጥቁ ለካ ክዳኑ ሲጠብቅ እየጠበበ ቧንቧውን አንቆ እንዲይዝ ኖሯል። ውሃው ተለቀቀ፤ ቧንቧው ንቅንቅ አላለም፤ ችግኙም ጠጣ።

ባለሙያ ተብዬው ጉሮሮውን ጠርጎ ወደ ሕዝቡ ዞረ።

«ጓዶች፣ ቀለበቱን አትጣሉ እያልኩ ስለፈልፍ የዋልኩት ለዚህ ነው» አለ።

ሕዝቡ ስብሰባ ያስለመደውን ጭብጨባ አቀለጠው። የባሰው የእኔ እጅ ነው፤ እሱም ከሰው ጋር ሲያጨበጭብ አገኘሁት።