እንኳየሁና ቀለም የሚለቀው ሱሪ

ቀሃ ወንዝ ዳር ልብስ በማጠብ ከሚኖሩት ሴቶች መካከል እንደ እንኳየሁ ነጭ የሚያወጣ አልነበረም። ይህን ባልንጀሮቿም አይክዱም። ባሏ ሞቶባት፣ ወንድሞቹም መሬቱን ተካፍለውት ከመካነ ብርሃን ወደ ጎንደር የመጣችው በሠላሳ ዓመቷ ነው። ቁስቋም ሰፈር ጠባብ ቤት ተከራይታ፣ እንዶድ እየወቀጠች የሰው ልብስ ስታጥብ አሥራ አንድ ዓመት ሆናት። እጇ ከእንዶዱ ብዛት ተሰነጣጥቋል፤ ይህን ግን ለማንም አታወራም። የሚያስጨንቃት የልብሱ ጥራት ነው። አጥባ የጨረሰችው ነጠላ ላይ ትንሽ ጥላ ካየች፣ ባለቤቱ ቆሞ እየጠበቀም ቢሆን መልሳ ውኃ ውስጥ ትከተዋለች።

በ፲፱፻፶፯ ዓ.ም. ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣ ኃይለ ማርያም የሚባል የጤና ኮሌጅ ተማሪ አንድ ሰማያዊ ሱሪ በብብቱ ይዞ ወንዝ ድረስ ወረደ። ጅንስ የሚሉት ነው። ያኔ ጎንደር ውስጥ የሚለብሰው ሰው በጣት ይቆጠራል። ልጁ ከአዲስ ዓለም ሰፈር፣ ከዐብዱረሕማን ሱቅ ነበር የገዛው፤ ከአሥመራ እንደ መጣ፣ ውኃ ያልነካው አዲስ ነው።

"እትዬ እንኳየሁ፣ ይህን ነገር አለስልሺልኝ" አላት። "ለብሼው ክፍል ብገባ መቀመጥ አቃተኝ። መምህሩ 'ጉልበትህን ምን ሆነህ ነው?' ብሎ ሰው ፊት ጠየቀኝ።"

እንኳየሁ ተቀብላ ሣሩ ላይ አቆመችው። ሱሪው ያለ ሰው ቀጥ ብሎ ቆመ። ሴቶቹ በሳቅ ፈረሱ።

"ምነው ልጄ፣ ሱሪ ልገዛ ብለህ ወጥተህ በር ነቅለህ መጣህ?" አለችው።

"ነጋዴው 'አትጠበው፣ ለብሰህ አላምደው' ብሎኝ ነበር። አልቻልኩም።"

"ነጋዴ ስለ እጥበት ምን ያውቃል! ነገ ማታ ቤት ድረስ ና።"

በማግሥቱ ሥራ በዝቶባት ዋለች። የኅዳር ቁስቋም ደርሷል፤ ሰፈሩ ሁሉ ነጭ ለብሶ ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ቤተ ክርስቲያን የሚወጣበት በዓል ነው። ከተቀበለችው ልብስ ሁሉ የምትሳሳለት የወይዘሮ ወለተሩፋኤል ነጠላ ነበር። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል በቤተ ክርስቲያኑ አቅራቢያ የሚኖሩ ባልቴት ናቸው። ነጠላውን የሚለብሱት በዓመት አንድ ቀን ነው፤ ፈትሉን የፈተለችው በወሊድ የሞተችባቸው አንዲት ልጃቸው ናት። እንኳየሁ ይህን ስለምታውቅ ከሌላ ልብስ ጋር አልቀላቀለችውም። ብቻውን አጥባ፣ አድርቃ፣ አጥፋ ቅርጫቷ ውስጥ አኖረችው።

ከዚያ ሱሪውን እንዶድ ውስጥ ነክራ በእግሯ ረገጠችው። ውኃው ጠቆረ። ቆሻሻ መሰላት። "አዲስ ነው ይለኛል! ጉድፉን ተመልከቱት!" እያለች ድንጋይ ላይ ትደበድበው ገባች። በደበደበችው ቁጥር ሰማያዊው ይወርዳል፣ ሰማያዊው በወረደ ቁጥር እልኳ ይብሳል። ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ቢጨንቃት ጨመቅ አድርጋ ቅርጫቱ ላይ ጣል አደረገችውና ዳገቱን ወጣች። ያች መቸኮል ናት ጉድ የሠራቻት። ቤቷ ደርሳ ሱሪውን ብታነሣው፣ ከሥሩ የነበረው ነጠላ ላይ የሁለት መዳፍ ስፋት ያለው ሰማያዊ ተንጣሏል።

በሳሙና አሸችው፣ ሎሚ ጨመቀችበት፤ አልለቀቀም። አብራት የምታጥበው ጎረቤቷ አበቡ መጥታ አየችና አፏን ያዘች።

"ሌባ ወሰደብኝ በይ" አለቻት ቀስ ብላ። "የተሰረቀ ነገር ያሳዝናል እንጂ አያጣላም።"

"የልጃቸውን ነጠላ የማንም ሌባ ለበሰው እያሉ ሲብሰለሰሉ ይኑሩ? አይሆንም።"

ጠዋት ነጠላውን ይዛ ሄደች። የሆነውን ሳትቀንስ ተናገረች። ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ነጠላውን ጭናቸው ላይ ዘረጉት። ጣታቸው ሰማያዊውን ዳር ዳሩን ይዳስሳል።

"እሜቴ፣ እኔው ፈትዬ፣ አሸምኜ እተካለሁ" አለች እንኳየሁ።

"ጥጥማ ሞልቷል" አሉ። "የልጄን እጅ ከየት ታመጭልኛለሽ?"

ነጠላውን መልሰው አጣጠፉት።

"በይ ሂጂልኝ" አሉ፣ ድምፃቸውን ከፍ ሳያደርጉ።

የበዓሉ ቀን እንኳየሁ ከሰው ጋር አልተቀላቀለችም። ከቅጥሩ ውጭ ቆማ ተሳልማ ተመለሰች።

ኃይለ ማርያምም ዘግይቶ ከበዓሉ በኋላ መጥቶ ሱሪውን ሲቀበል ፊቱ ጠቆረ። ድብደባው ጭኑንና ጉልበቱን አዥጎርጉሮት፣ ሱሪው ከሕመም የተነሣ ሰው መስሏል። "ለካ ነጋዴው አትጠበው ያለኝ ለዚህ ኖሯል" አለ። እንኳየሁ ይህን ቃል ስትሰማ ነቃች። ነጋዴው የሚያውቀው ነገር አለ ማለት ነው። አላደረችም፤ አዲስ ዓለም ወረደች።

ዐብዱረሕማን ጺማቸው የሸበተ፣ ከአያት ከቅድመ አያታቸው ጀምሮ በጨርቅ ንግድ የኖሩ ሰው ናቸው። ነገሩን ሰምተው ሲያበቁ ከመደርደሪያው አንድ ሱሪ አወረዱ። ከጫፉ አንዲት ክር መዝዘው በጥርሳቸው በጠሱና አሳዩዋት። ክሩ ዙሪያው ሰማያዊ፣ መሐሉ ነጭ ነው።

"አየሽ? ቀለሙ ክሩን ከላይ ለበሰው እንጂ ልቡ ድረስ አልገባም። ስለዚህ ነው ያገኘውን ሁሉ የሚቀባው።"

"እና አያ ዐብዱረሕማን፣ ነጭ ላይ ያረፈውስ?"

"እዚያም ሥር አልሰደደም። በትዕግሥት ይለቃል። አትደብድቢው፣ የፈላ ውኃ አታስነኪው። በየቀኑ በቀዝቃዛ ውኃ እጠቢና እርጥቡን ሣር ላይ አስጪው። ጤዛም ፀሐይም ያግኘው። አያቴ ሸማ የሚያነጡት እንዲያ ነበር።"

"ሱሪውስ? ሌላ ቢያመጡብኝ?"

"እሱን መጀመሪያ ገላ ነው የሚያለሰልሰው። ስድስት ወር ይለበስ። ከዚያ ገልብጠሽ፣ ብቻውን፣ ጨው በገባበት ቀዝቃዛ ውኃ ንከሪው። ሳትጨምቂ ጥላ ውስጥ ስቀይው። ይኸው ነው።"

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ቤት ሁለት ቀን ተመላልሳ በር አልተከፈተላትም። በሦስተኛው ቀን ራሳቸው ወጡ። "እንግዲህ ከዚህ የባሰ ምን ታደርጊዋለሽ" ብለው ነጠላውን ሰጧት።

እስከ ገና ዋዜማ ድረስ ከሌላ ሥራ በፊት የምትጀምረው በእሱ ነበር። ሰማያዊው መጀመሪያ ጢስ መሰለ፤ ቆይቶ እንደ ውኃ የገባበት ወተት ሆነ፤ በመጨረሻ ጠፋ። ጥለቱ ጥግ ላይ ያለች አንዲት ነጥብ ብቻ እምቢ አለች። እንኳየሁ እንዲያው አጥፋ ወሰደችው።

ባልቴቷ መስኮቱ አጠገብ ወስደው ጥግ ጥጉን መረመሩ።

"ይህች አልለቀቀችም" አሉ።

"አልለቀቀችም እሜቴ። ከዚህ በላይ ባሻት ፈትሉ ይሳሳል። የልጅዎን እጅ አጠፋለሁ ብዬ ፈራሁ።"

ወይዘሮ ወለተሩፋኤል ቀና ብለው አዩዋት። የቅርብ ሰው ካልሆነ በቀር እንግዳ የማይቀመጥበትን መደብ ጠረግ አድርገው "ተቀመጪ" አሏት፤ ምሳም አቀረቡላት። እንጀራው ሲያልቅ እንዲህ አሉ፦ "ከእንግዲህ ይህን ነጠላ እኔው አጥበዋለሁ። የቀረውን ልብሴን ግን እንደ ድሮው ውሰጂ።" እንኳየሁን ነገሩ ቆጠቆጣትም፣ ቀለላትም። እንዳሉት ሆነ፤ ያን ነጠላ ዳግመኛ አልነካችውም።

በዓመቱ ኃይለ ማርያም ተመርቆ አዲ አርቃይ ተመደበ። ለበረሃው መንገድ ሌላ ጅንስ አማረውና አብራው ሱቅ እንድትሄድ ለመናት። እርጥብ ነጭ ጨርቅ ይዛ ሄደች። ሱሪዎቹን አንድ በአንድ በጨርቁ እያሸች የቀለማቸውን ልክ አየች፤ ዐብዱረሕማን ጺማቸውን እያሻሹ ይስቃሉ።

"ወገቡ ጠበብ ይበል፣ ስትለብሰው ይሰፋልሃል" አለችው። "ቁመቱ ግን ይርዘም፤ ውኃ ሲያገኘው ያጥራል።"

"እግሬ ሥር ይጎተታል እኮ እትዬ!"

"እጠፈው። እጅ አለህ አይደል?"

ልጁ ያንን ሱሪ ለብሶ በበቅሎ ቆላና ደጋ ሲል ከርሞ፣ በግንቦት ለሥራ ጎንደር ሲመጣ ይዞላት መጣ። ጉልበቱ የኮርቻ ዳር በነካው በኩል ነጥቷል፣ የጉልበት መታጠፊያው በቀጭን በቀጭን ተሰምሯል። እንኳየሁ ገልብጣ ለብቻው በማሰሮ ነከረችው፤ ሰማያዊውን ውኃ ከሁሉም አጣቢዎች በታች ወስዳ ደፋች፤ ሱሪውን የወይራ ጥላ ሥር ሰቀለችው። ሲደርቅ ለስልሶ፣ ሰማያዊው እንዳማረበት ቀረ።

ወሬው ተዳረሰ። ከኮሌጁም፣ ከማኪና ነጂዎቹም ጅንስ ያለው ሁሉ ወደ እሷ ይወርድ ጀመር። አበቡንም አስተማረቻት። አንድ ቅዳሜ አንድ ዘናጭ ነጂ እንደ ሳንቃ የደረቀ ሱሪ ይዞ መጣ።

"ስንት ጊዜ ለበስኸው?" አለችው።

"ሦስት ሳምንት።"

እንኳየሁ ሱሪውን አጥፋ መለሰችለት። "ሂድ ልበሰው" አለችና ወደምታጥበው ጋቢ ዞረች።